ደንገጎን አልወጣም ያለችው ቬስፓ

ተረት ተረት።
የቬስፓ ጉልበት።

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር እትዬ ይርገዱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አፍንጫ ሲጠርጉ ኖረው፣ "የልጄ ክርስትና እናት ይሁኑልኝ" ያላቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ታዲያ በግቢያቸው ያደገችው ውባለም ሐረር አግብታ ሴት ልጅ ወለደችና ስልክ ደወለች። "እትዬ፣ ይቺን ልጅ ከእርስዎ በቀር ማንም ክርስትና አያነሣልኝም" አለች። እትዬ ይርገዱ ስልኩ ከተዘጋም በኋላ "እሺ፣ እሺ" ሲሉ ቆዩ።

ሕፃኗ ሰማንያ ቀን የሚሞላት እሑድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ይርገዱ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ለሕፃኗ የሚያስሩላትን ማዕተብ በመሐረብ ቋጥረው በር ላይ ቆሙ። ችግሩ እሳቸውና መኪና አይስማሙም። የሚኒባስ በር ሲዘጋ ገና ሎሚ ያሸታሉ፤ ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ጠመዝማዛ ላይ የሚሆኑትን አልነግራችሁም። የሚስማማቸው ነፋስ ፊታቸውን እየመታቸው መሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሄዱት በእህታቸው ልጅ በምንያህል ሰማያዊ ቬስፓ ነው።

"እትዬ፣ አያስቡ" አላቸው ምንያህል። "ባለፈው ሳምንት አዲስ ፋሻ አስገብቼላታለሁ።"

ፋሻ ስል የሐኪም ቤቱን እንዳይመስላችሁ። መካኒክ ፋሻ የሚለው ፒስቶኑን እንደ ቀለበት የሚከበውን ቀጭን ብረት ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ሰው የሚያጣላ ቃል ነው።

ምንያህል ቬስፓዋን ለሙከራ ደንገጎ ሥር ድረስ ነዳት። መጀመሪያው ዳገት ላይ ሳል ሳል አላት፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋችና ቆመች። እንጨት የጫነች አህያ አለፈቻት። አህያዋ ዞር ብላም አላየቻት።

"ቬስፓዬ፣ ደንገጎን ውጪ" አላት ምንያህል።

"አልወጣም" አለች ቬስፓዋ። "ፒስቶኑ ካልገፋኝ በምን ጉልበቴ ልውጣ?"

ቬስፓዋ ካልወጣች እትዬ ይርገዱ አይደርሱም፤ እትዬ ይርገዱ ካልደረሱ ሕፃኗ ክርስትና አትነሣም።

ምንያህል ቬስፓዋን እየገፋ ሰፈር መለሳት። ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ ማለቴ ነው፣ ፈታውና ወደ ፒስቶኑ ጎንበስ አለ።

"ፒስቶን፣ ቬስፓዋን ግፋት እንጂ።"

"አልገፋም" አለ ፒስቶን። "ቤንዚኑ ሲቀጣጠል ትንፋሹ በጎንና ጎኔ ሾልኮ ያመልጣል። የተቀደደ ኳስ ነፍተህ ታውቃለህ? እኔ የምውለው እንደዚያ ነው። ፋሻው ትንፋሹን ካልያዘልኝ አልገፋም።"

ፒስቶኑ ካልገፋ ቬስፓዋ አትወጣም፤ ቬስፓዋ ካልወጣች እትዬ ይርገዱ አይደርሱም፤ እትዬ ይርገዱ ካልደረሱ ሕፃኗ ክርስትና አትነሣም።

"አንተ ፋሻ" አለ ምንያህል፣ "አዲስ ነህ፤ ከነላስቲክህ ነው የገዛሁህ። ትንፋሹን ያዝ።"

"አልይዝም" አለ ፋሻ። "ምኑን ተደግፌ ልያዝ? የሲሊንደሩ ግድግዳ መስታወት ሆኗል። ስወጣ እንሸራተታለሁ፣ ስወርድ እንሸራተታለሁ። ሲሊንደሩ ካልተጫረ አልይዝም።"

ምንያህል እዚህ ላይ ጭንቅላቱን ያዘ፤ ስህተቱ የሱ ነበርና። ባለፈው ሳምንት ሲሊንደሩን ሲከፍት ውስጡ ያብለጨልጫል፤ ፊቱን አየበት፣ ጸጉሩንም አስተካከለበት። "አቦ፣ ይሄ ምኑ ይነካል" ብሎ አዲሱን ፋሻ አሮጌው ግድግዳ ላይ ገጠመው። ለስላሳ ሁሉ ጥሩ ይመስለናል። ሲሊንደር ግን እንደዚያ አይደለም። ዘይት የሚያርፍበት ጭረት ከሌለው ዘይቱ ይንሸራተታል፣ አዲሱ ፋሻም ከግድግዳው ጋር ሳይላመድ ይቀራል።

ሲሊንደሩ ካልተጫረ ፋሻው አይዝም፤ ፋሻው ካልያዘ ፒስቶኑ አይገፋም፤ ፒስቶኑ ካልገፋ ቬስፓዋ አትወጣም፤ ቬስፓዋ ካልወጣች እትዬ ይርገዱ አይደርሱም፤ እትዬ ይርገዱ ካልደረሱ ሕፃኗ ክርስትና አትነሣም።

ምንያህል የብርጭቆ ወረቀት ይዞ መጣ። ሲሊንደሩ ገና ሲያየው ተቆጣ።

"እሱን ነገር ወዲያ በልልኝ። እኔን የበር ፍሬም አደረግከኝ እንዴ? እኔ ባለ ሁለት ምት ሲሊንደር ነኝ። እንደ ባለ አራት ምቶቹ አናቴ ላይ በርና በረኛ የለኝም። ጎኔ ላይ መስኮት ነው ያለኝ። ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ በአንዱ ይገባል፣ ጭሱ በሌላው ወደ ጭስ ማውጫው፣ ወደ ማርሚታው፣ ይወጣል፣ ፒስቶኑ እንደ መጋረጃ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ያለ ሥርዓት አልፋቅም። ሦስቱ ድንጋይ ካልፋቀኝ አልጫርም።"

ድንጋዩ ካልፋቀ ሲሊንደሩ አይጫርም፤ ሲሊንደሩ ካልተጫረ ፋሻው አይዝም፤ ፋሻው ካልያዘ ፒስቶኑ አይገፋም፤ ፒስቶኑ ካልገፋ ቬስፓዋ አትወጣም፤ ቬስፓዋ ካልወጣች እትዬ ይርገዱ አይደርሱም፤ እትዬ ይርገዱ ካልደረሱ ሕፃኗ ክርስትና አትነሣም።

ድንጋዩስ ነበረው። ሦስት ቀጫጭን ድንጋዮች በሞላ ተወጥረው እንደ ሦስት እግር የተዘረጉበት መፋቂያ ነው፤ ገዝቶት አልጋ ሥር ረስቶታል። አቧራውን አራግፎ፣ "በል ፋቅ" አለው።

"አልፍቅም" አለ ድንጋዩ። "በእጅህ ብትገፋኝ ቀጥ ያለ መስመር ነው የማወጣው። ሲሊንደር የሚፈልገው እንደ ሰሌን የተጠላለፈ መስመር ነው። ስለዚህ እየዞርኩ መውጣት፣ እየዞርኩ መውረድ አለብኝ። ትራፓኖ ካላዞረኝ አልፍቅም።"

ትራፓኖ ማለት አናጢ እንጨት የሚበሳበት፣ በመብራት የሚዞረው ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ፣ የአናጢው የጋሽ ሙሜ ነው። ምንያህል ሮጦ ሄደ። ጋሽ ሙሜ ግቢ በር ላይ ካለው ኔም ዛፍ ሥር፣ ምንም ሥራ ሳይሠራ ተቀምጧል። ("ጋሽ" ብሎ "ተቀምጧል" ማለት ምንድነው እንዳትሉኝ። ድሬ ላይ ጋሽ እያልን አንተ እንላለን። ሙቀቱ ነው፣ አንቱታ ያቀልጣል።)

"ጋሽ ሙሜ፣ ትራፓኖውን አውሰኝ።"

"ከሰጠህ ውሰድ" አለ ጋሽ ሙሜ፣ በአገጩ ትልቁን የቆርቆሮ ሳጥን እያሳየ።

ትራፓኖው ከሳጥኑ ውስጥ አጉረመረመ። "መዞሩን እዞራለሁ፤ ሥራዬ ነው። ግን ተቆልፎብኝ የት ልዙር? ሳጥኑ ካልተከፈተ አልዞርም።"

"አልከፈትም" አለ ሳጥኑ። "ቁልፌ አዴ ዘሃራ ወገብ ላይ ነው። እሷን ጠይቃት፣ ከደፈርክ።"

ሳጥኑ ካልተከፈተ ትራፓኖው አይዞርም፤ ትራፓኖው ካልዞረ ድንጋዩ አይፍቅም፤ ድንጋዩ ካልፋቀ ሲሊንደሩ አይጫርም፤ ሲሊንደሩ ካልተጫረ ፋሻው አይዝም፤ ፋሻው ካልያዘ ፒስቶኑ አይገፋም፤ ፒስቶኑ ካልገፋ ቬስፓዋ አትወጣም፤ ቬስፓዋ ካልወጣች እትዬ ይርገዱ አይደርሱም፤ እትዬ ይርገዱ ካልደረሱ ሕፃኗ ክርስትና አትነሣም።

አዴ ዘሃራ፣ አዴ የኛ አገር እትዬ ነው፣ የጋሽ ሙሜ ሚስት ናት። ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ቁልፉ ከቀሚሷ መቀነት ላይ ተንጠልጥሎ፣ በተራመደች ቁጥር ቅጭል ይላል፤ ጋሽ ሙሜ እንዲሰማው ሆን ብላ ብዙ ትራመዳለች።

"አዴ ዘሃራ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ስጪኝ።"

"አልሰጥም። ለሰውዬው ንገረው፣ አኩርፌያለሁ።"

"ሰምቻለሁ በላት" አለ ጋሽ ሙሜ ከኔሙ ሥር። መሃላቸው ያለው አሥር እርምጃ አይሞላም።

"ምን አደረገሽ?" አላት ምንያህል።

አዴ ዘሃራ እርጥቡን ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። "እዚያ ከፊራ ገበያ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥኩ ስልኬ ጮኸ። 'ዘሃራ፣ ፋሻ ተሰበረብኝ፣ ቶሎ ፋሻ ይዘሽ ነይ' አለኝ። ተሰበረ የምትለውን አልሰማሁም፤ ፋሻ የምትለውን ሰማሁ። ወላሂ ልቤ ቀጥ አለ። መጋዙ እጁን ቆረጠው አልኩ። ቲማቲሙን እዚያው ጥዬ በዚያ ፀሐይ ፋርማሲ ሮጥኩ። የአንድ እግር ጫማዬ ተበጠሰ፤ በአንዱ እየተንከላወስኩ ደረስኩ። እሱ ኔሙ ሥር ቁጭ ብሎ ፓፓያ ይበላል።"

"የጄኔሬተሩን ፋሻ ነበር ያልኳት" አለ ጋሽ ሙሜ።

"የጄኔሬተር መሆኑን ማን ነገረኝ? ፋሻ ፋሻ ነው። እና ሳቀብኝ። እሱ ብቻ ቢስቅ ባሌ ነው፣ እችለዋለሁ። ኔሙ ሥር ያለው ወንድ ሁሉ ሳቀ። አሁን ውሃ ልቀዳ ስወጣ 'ዶክተር ዘሃራ፣ ባጃጄን ያስላታል፣ ምን ልስጣት?' ይሉኛል። ለሰውዬው ንገረው። ያ ፋሻ ተገዝቷል፣ ቁስለኛ ይፈልጋል። ጭንቅላቱን ታስሮ እዚያው ኔም ሥር፣ እነዚያው ሰዎች ፊት ካልተቀመጠ አልታረቅም።"

"እኔ?" አለ ጋሽ ሙሜ። "ጤነኛ ጭንቅላቴን? አልታሰርም። አቦ፣ ሰው ይስቅብኛል።"

"በሷ ሲስቁባትስ?" አለ ምንያህል።

ጋሽ ሙሜ የኔሙን ቅጠል ከጉልበቱ ላይ አራገፈ። እንዲህ ሲሆን ምንያህል ፊቱ ቁጢጥ ብሎ፣ በጣቱ እየቆጠረ ነገሩን ሁሉ አፈሰሰለት።

"ጋሽ ሙሜ፣ አንተ ካልታሰርክ አዴ ዘሃራ አትታረቅም፤ አዴ ዘሃራ ካልታረቀች ቁልፉ አይወጣም፤ ቁልፉ ካልወጣ ሳጥኑ አይከፈትም፤ ሳጥኑ ካልተከፈተ ትራፓኖው አይዞርም፤ ትራፓኖው ካልዞረ ድንጋዩ አይፍቅም፤ ድንጋዩ ካልፋቀ ሲሊንደሩ አይጫርም፤ ሲሊንደሩ ካልተጫረ ፋሻው አይዝም፤"

"የኔ ፋሻ ወይስ ያንተ ፋሻ?"

"የኔ። አታቋርጠኝ፣ ይጠፋብኛል። ፋሻው ካልያዘ ፒስቶኑ አይገፋም፤ ፒስቶኑ ካልገፋ ቬስፓዋ አትወጣም፤ ቬስፓዋ ካልወጣች እትዬ ይርገዱ አይደርሱም፤ እትዬ ይርገዱ ካልደረሱ ሕፃኗ ክርስትና አትነሣም።"

ጋሽ ሙሜ ቀና አለ። "እትዬ ይርገዱ ልጅ ሊያነሡ ነው?"

"የውባለምን ልጅ። ጠያቂ ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ነው። ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆመዋል፤ ቁጭ ይበሉ ብላቸው 'ነጠላዬ ይጨማደዳል' ብለውኛል።"

ጋሽ ሙሜ ኔሙን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ ሚስቱን ሰርቆ አየ። "ብቻዬን ግን አይሆንልኝም" አለ።

ምንያህል አዴ ዘሃራ ዘንድ ሄዶ ፋሻውን ተቀበለ። ጫፉን ቀደደና መጀመሪያ የራሱን ጭንቅላት ጠመጠመ፤ አንድ ዓይኑንም ጨመረበት። ከጋሽ ሙሜ ጎን ተቀመጠ። ጋሽ ሙሜ አየው፣ ከዚያም ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰጠው። ምንያህል ከጆሮ እስከ ጆሮ ጠመጠመለት።

ወዲያው የኔሙ ሥር ሰዎች ተሰበሰቡ። "አቦ ሙሜ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ወድቄ ነው።"

"ከየት?"

"ከሚስቴ ልብ።"

"ከፍ ያለ ነበር?"

"ስወድቅ ነው ያወቅኩት።"

"ማን አሰረልህ ታዲያ?"

"ፋሻውን በአንድ እግር ጫማ ሮጣ ያመጣችልኝ እሷ ናት" አለ ጋሽ ሙሜ፣ ድምፁን ለግቢው እንዲሰማ ከፍ አድርጎ። "ያን ቀን ፓፓያ እየበላሁ ሳቅኩ። ከእናንተ አንዱ ታሞ ሲደውል የሚሮጥለት ካለ እጁን ያውጣ።"

እጅ ያወጣ አልነበረም። ከተሰጣው ልብስ ኋላ ግን አንድ ድምፅ ተሰማ፤ መጀመሪያ ሳል ይመስል ነበር፣ ቀጥሎ ሳቅ ሆነ። አዴ ዘሃራ አንሶላ ይዛ፣ በአንሶላው አፏን ሸፍና ትንፈራፈራለች። "አንተን ብሎ ቁስለኛ" አለች። እሱን "አንተ" ብላ ካነጋገረችው መክረሟ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ጋሽ ሙሜ ታሰረ፤ አዴ ዘሃራ ታረቀች፤ ቁልፉ ወጣ፤ ሳጥኑ ተከፈተ፤ ትራፓኖው ዞረ፤ ድንጋዩ ፋቀ፤ ሲሊንደሩ ተጫረ፤

ቆይ፣ ቆይ፣ እዚህ ላይ አትሩጡብኝ። ሰንሰለት ሲበጠስ ሁሉም መሮጥ ያምረዋል፤ ሲሊንደር ግን አይሮጡበትም። ምንያህልም አንዴ ሮጦ ያየውን አይቷልና ቀስ አለ።

ሲሊንደሩን ጋሽ ሙሜ በጨርቅ አቅፎ ያዘው። ምንያህል ፋሻውን ከዓይኑ ላይ ገፋ አድርጎ ድንጋዩን ዘይት አጠጣና ትራፓኖውን በዝግታ ለቀቀው፤ እያዞረ ወደ ላይ፣ እያዞረ ወደ ታች፣ አንድ ቦታ ሳይቆም። ትንሽ ፍቆ ያያል፣ ትንሽ ፍቆ ያያል። ብዙ የፋቀ ሰው ሲሊንደሩን አስፍቶት ያርፋል። መስታወቱ ጠፍቶ ግራጫ ሰሌን ሲመስል አቆመ። ቀጥሎ የመስኮቶቹን ከንፈር በትንሽ ሞረድ ነካ ነካ አደረገ። ድንጋይ ያለፈበት ጠርዝ ስለት ያወጣል፤ ፋሻው ሲያልፍ ቢነክሰው ቁርጥ ነው የሚያደርገው። ጣትህን ስታሳልፍበት ካልጎረበጠህ ፋሻውንም አይጎረብጠውም።

ከዚያ ማጠብ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው በቤንዚን ጠረግ አድርጎ ይገጥማል፤ የድንጋዩ ዱቄት ጭረቱ ውስጥ ተደብቆ ይቀርና ሞተሩን ከውስጥ ይበላዋል። አዴ ዘሃራ ሙቅ ውሃና የልብስ ሳሙና አመጣች። ካጠበ በኋላ ምንያህል የሚጠርግበት ጨርቅ ፈለገ፤ በእጁ ያለው ሁሉ ግሪስ ነው።

"እንካ" አለች አዴ ዘሃራ፣ የተረፈውን ፋሻ እየዘረጋችለት። "ይሄም ፋሻ ነው፤ ያም ፋሻ ነው። ይተዋወቁ።"

ነጩ ፋሻ ገብቶ ግራጫ ሆኖ ወጣ። እንደገና ታጠበ። ገብቶ አመድማ ሆኖ ወጣ። እንደገና ታጠበ። በመጨረሻ ነጭ ገብቶ ነጭ ወጣ። ሲሊንደር መጽዳቱን ከዚህ የተሻለ የሚመሰክር መሣሪያ እስካሁን አላገኘሁም። ምንያህል ውስጡን ወዲያው ዘይት ቀባው፤ ታጥቦ ዘይት ያላየ ብረት ዓይንህ እያየ ነው የሚዝገው። የብረቱን ፋሻ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ፣ ጫፍና ጫፉ መሃል ቀጭን ካርድ የሚያሳልፍ ክፍተት መኖሩን አየ፤ ሞተሩ ሲግል ብረት ያብጣላ፣ ማበጫ ቦታ ይፈልጋል። ገጠመ። አጠበቀ። ቤንዚኑ ላይ ዘይቱን ትንሽ አበዛ።

እና ረገጣት። ቬስፓዋ አንዴ አስነጠሰች፣ ሁለተኛው ላይ ተነሣች። ድምፅዋ ቀድሞ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳ የነበረው ወፍራም ሆነ። በሳቢያን መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ነዳት፣ አቁሞ አቀዘቀዛት፣ ደግሞ ነዳት፤ አዲስ ፋሻና አዲስ ጭረት የሚላመዱት እንደ ሙሽሮች ቀስ በቀስ ነው። እትዬ ይርገዱ በር ላይ ሆነው ሲያልፍና ሲመለስ ያዩታል።

"ልጄ፣ ወዴት ነው የምትዞረው? ሐረር በዚያ በኩል ነው።"

"እያላመድኳት ነው፣ እትዬ።"

"እኔንም አላምደኛ፤ ፀሐይዋ አዘነበለች እኮ" አሉና ወጡ። መሐረባቸውን በአንድ እጅ፣ የምንያህልን ቀበቶ በሌላው ያዙ። "የደንገጎ ገደል አያሳየኝ። ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ ደንገጎ ሲጀምር ንገረኝ፣ ማርያምን እጠራለሁ።"

ፋሻው ያዘ። ፒስቶኑ ገፋ። ቬስፓዋ ወጣች። በየጠመዝማዛው ዳር እየቆመች፣ ትንሽ እየቀዘቀዘች፣ ደግሞ እየተነሣች፣ ከሙሉ ጉልበቷ ግማሹን ብቻ እየተጠየቀች ወጣች። የድሬ ሙቀት ከኋላ ቀረ፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ሆነ፤ እትዬ ይርገዱ ነጠላቸውን አጣፉ እንጂ ዓይናቸውን አልገለጡም።

"ልጄ" አሉ ከብዙ መንገድ በኋላ፣ "ብርድ ብርድ አለኝ። ደንገጎ ገና ነው?"

"እትዬ፣ አለፍነው እኮ። ሐረማያ ደርሰናል።"

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ቀጥሎ ሌላውን። ኋላቸውን ዞረው አዩ፣ ገደል የለም፣ ሜዳ ነው። "ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ማርያምን ሳልጠራ!"

"ቢጠሩ ኖሮ ለማማተብ እጅዎን ይለቁብኝ ነበር።"

እሑድ ማለዳ፣ ሐረር ላይ፣ ቄሱ ከጠበሉ ፊት ቆመው "የክርስትና እናቷ ማን ናት?" ብለው ጠየቁ። እትዬ ይርገዱ "እኔ ነኝ" አሉ፤ ቄሱ አጠገባቸው ሆነው ሳለ፣ ድሬ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። እርጥብ ሕፃን እጃቸው ላይ ተቀመጠች። ማዕተቡን ሲያስሩላት ሕፃኗ ጣታቸውን ያዘችና አልለቅም አለች።

"ኧረ ልቀቂኝ፣ የኔ እመቤት" አሉ እትዬ ይርገዱ፣ ሳይጎትቱ።

ተረቴን መልሱ፣
የእጄን ጥላሸት አብሱ።